የምራቴ ድምፅ

ወይዘሮ ዘርትሁን ምሳ ሲቀርብ የጆሮ አስተርጓሚያቸውን አውልቀው ሶፋው ላይ ወረወሩት። ሰው ሁሉ ይህን ዕቃ ጆሮው ላይ ከሰካ ወዲህ ቋንቋ የሚማር የለም። ምራታቸው ሄዘር ከተዳረች ጀምሮ የምታናግራቸው በማሽኑ ድምፅ ነው፤ ያው ድምፅ የባንኩም ነው፣ የሐኪሙም ነው።

ጠዋት ጎረቤታቸው ጋሽ ይልቃል፣ ሥራ የፈቱት የእንግሊዝኛ መምህር፣ አንድ ግስ አስጠንተዋቸዋል። «‹ቴክ› ይበቃሻል። መውሰድም ነው፣ መቀበልም ነው፣ መድኃኒት መዋጥም ነው፣ ነገር መቻልም ነው። ስትዪው የትኛው እንደሆነ ይገባታል።»

ጎመንና አይብ ደህና አድርገው ጠቀለሉና እጃቸውን ዘረጉ።

«ቴክ፣ ልጄ።»

ሄዘር መጀመሪያ ግራ ገባት። ቀጥሎ የራሷንም አስተርጓሚ አወለቀችና ጎረሰች። እንደ ምንም ከዋጠች በኋላ እሷም በተራዋ ጠቅልላ ወደ አማቷ ዘረጋች።

«ቴክ፣ እማዬ።»

ለካ ድምፅዋ ጎርናና ነው! መጨረሻው ላይ ደግሞ ትንሽ ይንቀጠቀጣል።

ልጃቸው ናሆም አስተርጓሚውን ከሶፋው አንሥቶ፣ «እማዬ፣ ላድርግልሽ?» አላቸው።

አፋቸው እንደ ሞላ እጁን ገፉት።

«ዞር በል! ልጄን በገዛ ጆሮዬ ልስማት።»