የዘበኛው ጥርስ

ስክሪኑ ላይ ያለው ፊት ወርዱ ዘጠና ስድስት ፒክስል፣ ቁመቱ መቶ ሃያ ስምንት ፒክስል ነው። ከዚያ በላይ አንዲት ነጥብ የለውም። ከተማሪዎች የቡድን ፎቶ ጥግ ተቆርጦ የወጣ ነው፤ ቁልፍ ይዞ በር ላይ የቆመ የትምህርት ቤት ዘበኛ። ይህ ፊት ስልሳ ሴንቲ በሰማንያ ታትሞ፣ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሟቹ ሠላሳ አንድ ዓመት በጠበቀው በር አጠገብ ይሰቀላል።

«ሌላ ፎቶ ጭራሽ የላቸውም?» ይላል አታሚው ለሦስተኛ ጊዜ። «መታወቂያስ?»

«መታወቂያውን ውሃ በላው። ፎቶ እንነሳ ሲባል ቁልፍ ረሳሁ ብሎ የሚሄድ ሰው ነበር» ትላለች የዘበኛው ልጅ።

ወንበር ቀርቦላታል፤ አልተቀመጠችም። ከጠረጴዛው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ጠረጴዛው ትመላለሳለች። ሰዓቷን ታያለች፤ መልሳ ታያለች። ማተሚያ ቤቱ ጠባብ ስለሆነ በየስምንት እርምጃው ትዞራለች። አታሚው ሳያስበው ቆጥሮታል።

ፎቶ የሚያጎላውን ፕሮግራም ይከፍታል። ፕሮግራሙ የጎደለውን ከራሱ ገምቶ ይሞላል። በሁለት ደቂቃ ፊቱ ጠራ፤ ሽፋሽፍቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል።

«ነይ እዪው እህቴ።»

ጎንበስ ብላ ታያለች።

«ማነው ይሄ?»

«አባትሽ ናቸዋ።»

«አባቴ የፊት ጥርስ አልነበረውም። አስተክል ብለን ብለን፣ እምቢ እንዳለን ሞተ። አንተ በሁለት ደቂቃ ተከልክለት።» ሳቋ ይጀምርና መሐል ላይ ይቀራል። «የግራ ዓይኑ ቆብ ደግሞ ወደ ታች ይወርድ ነበር። ይሄ እኮ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነው።»

አታሚው አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ፊት አጥርቶ ሰጥቷል፤ ስንቱን ቤተሰብ የማያውቀውን ሰው አስይዞ እንደሸኘ አሁን ገና ያስባል። የፕሮግራሙን ግምት ቀንሶ ይደግማል። ጥርሱ ይጠፋል፤ ከንፈሩ ግን የጎረምሳ ይሆናል። በሦስተኛው ሙከራ ጢም ይበቅላል።

«ሰባት ሰዓት ተኩል» ትላለች ከበሩ።

«በእጄ እንዳላስተካክለው አላውቃቸውም። የምጨምረው ሁሉ ውሸት ነው የሚሆነው።»

«እንግዲያው አትጨምርበት።»

«እንዲሁ ከለጠጥኩት እያንዳንዷ ነጥብ ከስድስት ሚሊ ትበልጣለች። የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ነው የሚመስለው።»

አላመነችውም። ሊያሳምናት በርካሽ ወረቀት፣ በሙሉ መጠኑ፣ ምንም ሳይጨምር ያትመውና በአራት ማግኔት ግድግዳው ላይ ካለው ብረት ይለጥፈዋል። አፍንጫውን አስጠግቶ ያያል። እንዳለው ነው፤ ግራጫና ቡናማ ካሬ ብቻ።

«ይኸው፣ አላልኩሽም?»

ዞር ይላል። ልጅቱ በሩ ጋ ቆማለች። ከገባች ጀምሮ ስትቆም የመጀመሪያዋ ነው።

«እንዳትነቅለው» ትላለች።

«ለምን?»

«ወደዚህ ና።»

ዓይኑን ከወረቀቱ ሳይነቅል ወደ ኋላ ይራመዳል። በአምስተኛው እርምጃ የካሬዎቹ ጠርዝ ይለዝባል። በስድስተኛው ከንፈሩ ይገጥማል። በሰባተኛው የግራ ዓይን ቆብ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከወረቀቱ ላይ አንድ ሽማግሌ፣ ቁልፍ ረሳሁ ብሎ ሊሄድ የተነሳ፣ ያየዋል።

ልጅቱ እጇን ዘርግታ ወደ ፊት ትሄዳለች። መሐል ላይ ስትደርስ ትቆማለች።

«እዚህ ጋ የለም» ትላለች። ቀስ ብላ፣ እየሞከረች፣ ወደ ኋላ ትመለሳለች። ከዚያ አትንቀሳቀስም።

አታሚው፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሰው የት ቆሞ እንደሚያየው ለማወቅ፣ ከመሳቢያው ሜትር ያወጣል። አንዱን ጫፍ ከግድግዳው ሥር በከባድ ነገር አስይዞ፣ ተንበርክኮ እስከ ጫማዋ ጫፍ ይዘረጋዋል።

አራት ሜትር ከሃያ።