ወደ ሆስፒታል የሚያመለክተው ቀስት

እጥፍወርቅ ምጧ ጠንቶ ጤና ጣቢያው ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሪፈር ጻፈላት፤ አምቡላንስ ግን ጠፋ። ባሏ የድንኳን ብረቱንና ቀይ ገመዱን እንኳ ሳያራግፍ ፒክአፑ ውስጥ አስገብቷት ከነፈ። ባለፈው ወር ለሠርግ ድንኳን ሊተክል ከመምጣቱ በቀር የሆስፒታሉን ሰፈር አያውቀውም።

አደባባዩ ጋ «ሆስፒታል» የሚል ምልክት ቀስቱን ወደ ቀኝ አድርጎ ቆሟል። ወደ ቀኝ ታጠፈ። መንገዱ ወንዝ አፋፍ ላይ ተቋረጠ። ወደ አስፋልቱ ተመለሰ፤ መሃሉ በአጥር ስለተከፈለ መዞሪያ ፍለጋ እስከ ድልድዩ ወርዶ፣ ዞሮ ዞሮ እዚያው አደባባይ ላይ ተገኘ። ቀስቱ አሁንም ወደ ቀኝ ነው።

«አንተ፣ ሞትኩብህ እኮ!» አለች እጥፍወርቅ የበሩን እጀታ እንዳነቀች።

ምልክቱ ሥር በቆሎ የሚጠብሱ ጠና ያሉ ሴት አየና ፍሬኑን ያዘ። «እናቴ፣ በማርያም! ሆስፒታሉ በየት ነው?»

«በግራ ነው፣ ልጄ! ይሄን ምልክት አትመነው። ድንኳን ተካዮች ገመዳቸውን እሱ ላይ አስረው ሲወጥሩ አዞሩት፤ ያዞረው ሳይመልሰው ሄደ። ትናንት አንድ በሽተኛ እዚሁ ሲያዞሩት ሞተ።»

«እጃቸውን ይቁረጠው!» አለች እጥፍወርቅ እያቃሰተች።

ባሏ ቀና አለ። ምሰሶው ላይ በቢላ ተቆርጦ የቀረ ቀይ ገመድ አለ። ቋጠሮው የራሱ ነው።