ውሃ እንዳይነካው

«ውሃውን አትልቀቁት!»

ዓሊያ እየሮጠች ነው የምትጮኸው። ከመንገዱ ማዶ የቀለም ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ነጭ ጋወኗን እንኳ አላወለቀችም።

የእሳት አደጋ ቱቦው መጋዘኑ በር ላይ ተዘርግቷል። ቱቦውን የያዘው ሰው አለቃውን ዱሬሳን ያያል፤ ዱሬሳ ደግሞ ልጅቷን።

«እህቴ፣ ወደ ኋላ! ጭሱ አይታይሽም?»

አባቷ አቡዘር ከጥበቃ ቤቱ ጀርባ ቆሟል። የኬሚካል ጠርሙሶች ያሉበትን ሳጥን በፎርክሊፍት ሹካ የወጋው እሱ ነው። ከአሥሩ ጠርሙሶች አንዱ ተሰበረና ቢጫ ፈሳሽ ወለሉ ላይ ፈሰሰ፤ ቀይ ቡኒ ጭስ ሲነሳ ሠራተኛው ሁሉ እያሳለ ወጣ። ሃያ ሁለት ዓመት ሲነዳ ዕቃ ሰብሮ አያውቅም። «ማነው የነዳው?» ሲባል ሹልክ ብሎ ወጣ። ተሸሽጎ ለልጁ ደወለና ሳጥኑ ላይ ያየውን ፊደል አንድ በአንድ ነገራት። ቪ፣ ኦ፣ ሲ፣ ኤል፣ ሦስት።

«ቫናዲየም ነው፤ ከክሎሪን ጋር የተዋሃደ» ትላለች ዓሊያ። «በበሩ በኩል የፈሳሹን ጠርዝ ይዩት፣ ቢጫው እየቀላ ነው። የአየሩን እርጥበት እየጠጣ ነው። በእርጥበት ብቻ እንዲህ ከጨሰ፣ ውሃ ካገኘማ ክሎሪኑ አሲድ ሆኖ በአንዴ ይተናል። ነፋሱ ደግሞ ወደ ሰፈሩ ነው።»

ዱሬሳ ወደ አጥሩ ዞር ይላል። ከአጥሩ ወዲያ ሴቶች ልብስ ያሰጣሉ።

«በምን እናዳፍነው ታዲያ?»

«በደረቅ አሸዋ።»

አንዱ ከጎረቤት ግንባታ አንድ አካፋ አሸዋ ዝቆ ይመጣል። ዓሊያ ትጨብጠዋለች፤ መዳፏ ላይ ይጣበቃል።

«ይሄን ዝናብ መቶታል። መልሰው።»

ያኔ አቡዘር ከተሸሸገበት ይወጣል። «ውስጥ አለ። በየምሰሶው ሥር፣ በቀይ ባልዲ። በግራው በር ግቡ።»

ጭንብል ያጠለቁ ሁለት ሰዎች ይገባሉ። ዓሊያ ነፋሱን ከጀርባዋ አድርጋ ከበሩ ራቅ ብላ ታዛለች። «ከዳር ጀምሩ። ቀስ! አትበትኑት።» አንድ ባልዲ፣ ሁለት፣ ሰባት። ጭሱ ይሳሳል፣ ይቆራረጣል፣ ይጠፋል። ዘጠኙ ጠርሙሶች ንክች አላሉም።

አቡዘር ልጁን ያያታል። ያ ሁሉ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው አፍ አፏን እያየ ነው። እሱም እንደ ሌላው ሰው ቆሞ ያዳምጣታል።

ዱሬሳ ጓንቱን አውልቆ ደብተር ያወጣል። «ቱቦውን አስከፍቼው ቢሆን…» ይልና ይተወዋል። «ለሪፖርቱ ስምሽን ንገሪኝ፣ ልጄ።»

«ዓሊያ።»

«የአባት?»

አፏን ከመክፈቷ በፊት፣ ከቆመው ሰው መሃል፣ ቅባት የጠጣ አንድ እጅ ስሙ እንደተጠራ ተማሪ ወደ ላይ ይወጣል።

«አቡዘር!» ይላል፣ ግቢው ሁሉ እስኪሰማ።