ሦስት ጊዜ የተቆለፈው ዝርዝር

ሐጂ ዓብዱሰመድ ከድንበር ማዶ ባለችው የወደብ ከተማ፣ ራስ ዲካ ሰፈር፣ የነጋዴ ዕቃ ከወደብ የምታስወጣ ትንሽ የትራንዚት ቢሮ አላቸው። በ2002 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ሁለት ደንበኞች ጥለዋቸው ሲሄዱ ሌባውን ለማወቅ አልተቸገሩም። ቢሮው ውስጥ ከእሳቸው ሌላ ያለችው ጸሐፊያቸው ስርጉት ብቻ ናት። የደንበኞቹን ስም ከነዋጋው ለሌላ ቢሮ የምታቀብል እሷ ካልሆነች ማን ሊሆን ነው?

«ምስጢሬ መውጣቱን እስኪያቆም ፓስፖርትሽ እኔ ዘንድ ይቀመጣል» አሉና ካዝና ውስጥ ቆለፉበት።

ድሬዳዋ እህቷ ዘንድ የተወቻት የአራት ዓመት ልጇ በስልክ «ማነሽ?» ማለት ጀምራለች። ስርጉት ስልኩን ዘግታ ታለቅሳለች፤ ከዚያ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

ሐጂ የኮምፒውተር ባለሙያውን ሰብስቤን አስጠሩ። ሰብስቤ ዲስኩን በሙሉ በምስጢር ቁልፍ ዘጋው። የደንበኞቹን ዝርዝር ከፍቶ ማየት ሩብ ሰዓት ፈጀ። በቀጣዩ ወር አራት ደንበኞች ሄዱ። ሐጂ በቁልፉ ላይ ሌላ ቁልፍ አስደረቡ። ስድስት ሄዱ።

አንድ ቀን ስርጉትና ሰብስቤ በር ላይ ሲንሾካሾኩ አዩዋቸው።

«በእናትህ ሦስተኛ ጨምርበት» ትለው ነበር ስርጉት። «እኔ እንዳልሆንኩ ይወቁልኝ።»

«ሐጂ፣ ማሽኑ እኮ አሮጌ ነው» አለ ሰብስቤ ወደ ውስጥ ገብቶ። «እያንዳንዱን ነገር ሦስቴ እየፈታ ሊያነብ ነው። ይሞትብዎታል።»

«ይሙት! ከሌባ ይሻላል።»

አሁን መክፈቱ ሃምሳ ደቂቃ ይፈጃል። ሐጂ ሦስቱን የይለፍ ቃል በእጃቸው ጋርደው ይጽፋሉ። ማሽኑ ያጓራል፤ ሾፌሮቹ ውጭ ፀሐይ ላይ ይራገማሉ። በቀን ሁለቴ መክፈት የማይታሰብ ስለሆነ ሐጂ ጠዋት አንዴ ያትሙትና በአረንጓዴ ብዕር ፈርመውበት ማሽኑን ይዘጋሉ። ቢሮ ሲዘጋ ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ይከታሉ። ለስርጉት አንዲት ቅጠል አይተዉም።

የምሳ ሳምቡሳ እንኳ ራሳቸው ናቸው የሚገዙት፣ ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር ከምትጠብሰው ከሩቅያ። የሰፈሩ ትራንዚተር ሁሉ የሚበላው ከእሷ ነው፤ አንድ የምትመርቀው ግን ለሐጂ ብቻ ነው። ሐጂ በዚህ ይኮራሉ፤ በምላሹም ኪሳቸው ያደረ ወረቀት ካለ ለመጠቅለያ ይሰጧታል። ባለቤታቸው ነገሩን አይወዱትም።

ረቡዕ ዕለት ትልቁ ደንበኛ ሄደ።

«ነገ ለፖሊስ ነው የምሰጥሽ» አሉ ሐጂ።

«ልጄን ይንሳኝ ሐጂ፣ ዝርዝሩን በዓይኔ አይቼው አላውቅም!»

ስታለቅስ ትንሽ አሳዘነቻቸው። የተመረቀላቸውን ሳምቡሳ ከነመጠቅለያው ገፉላት።

«እስቲ ብዪ። ሌባም ይርበዋል።»

ስርጉት መጠቅለያውን ዘረጋችው፤ ዘይት በጠጣው ወረቀት ላይ የሰኞው ዝርዝር ነበር፣ ስም ከነዋጋው፣ ከነአረንጓዴው ፊርማ።