ልጄ በቀለም ያስዋባት ዳክዬ

«አባት፣ እንዲህ የሚያምር ውሃ ነው ተበከለ የሚሉኝ?»

የውሃ ቢሮው ኃላፊ በእስክሪብቶው ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ትልቅ ስዕል አሳየኝ...

ሰማያዊ ውሃ። ወርቅ የመሰለች ዳክዬ። ክንፏን ዘርግታ የምትደንስ ነው የምትመስለው።

ቀረብ ብዬ አየኋት።

አወቅኳት...

ስዕል አይደለችም። እኔው በስልክ ያነሳኋት ዳክዬ ናት!

ነገሩ እንዲህ ነው።

የኩሬ ጥበቃ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይህንንም እየነገርኳት የምትጽፍልኝ የሴት ልጄ ልጅ ናት።

ከወራት በፊት ከላይ ካለው ፋብሪካ ጥቁር ዘይት ወደ ኩሬው መውረድ ጀመረ።

የወፎቹ ላባ ተጣበቀ። መብረር አቃታቸው። ጠዋት ጠዋት ሁለት ሦስት ሞተው አገኛለሁ...

ለአለቃዬ ነገርኩት። «ለውሃ ቢሮ አመልክት፤ ግን ያለ ማስረጃ ማንም አይሰማህም» አለኝ።

ትንሹ ልጄ ፎቶ ቤት ነው የሚሠራው። የሙሽራ ብጉር ከፎቶው ላይ በአንድ ጣት ሲያጠፋ አይቼዋለሁ። አሮጌ ስልኩን ሰጠኝና የት እንደምጫን አሳየኝ።

ያቺ ዳክዬ ጭቃው ላይ ክንፏን ዘርግታ ነበር... ልትበር ሞክራ አቅቷት። ውሃው እንደ ሬንጅ ጠቁሯል።

አነሳኋት። ስልኩን መልሼ ሰጠሁት።

«በቃ አባዬ፣ ለኔ ተወው። ማመልከቻውን ጽፌ አስገባልሃለሁ።»

«የሞቱትን እንዳትረሳ። አርባ አንድ ናቸው።»

«ኧረ ጽፌዋለሁ! ይልቅ ና፣ እዚህች ጋ አውራ ጣትህን አሳርፍ።»

አሳረፍኩ። የአብራኬ ክፋይ ነው... ምን ብዬ ልጠርጥረው?

ሁለት ወር ጠበቅኩ። ዝር ያለ የለም። በመጨረሻ ራሴ ቢሮው ድረስ ሄድኩ።

እናም ዳክዬዋን ግድግዳ ላይ አገኘኋት።

«ጌታዬ፣ ይቺ ዳክዬ ጥቁር ነበረች» አልኩት ኃላፊውን። «ውሃውም ጥቁር ነበር።»

ሳቀ።

«የኩሬ ፎቶ ውድድራችን አንደኛ እኮ ናት! በብሩሽ የተሳለች እንድትመስል በኮምፒውተር ፊልተር ተደርጎባታል እንጂ ውበቱ የኩሬው ነው።»

«አይደለም።»

መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ወረቀት አወጣ።

«ታዲያ ይሄ አሻራ የማን ነው?»

የኔ ነው...

አነበበልኝ።

«እኔ የኩሬው ጥበቃ፣ ፎቶው እዚሁ መነሳቱን፣ ውሃው ንጹሕ፣ ወፎቹም ጤነኞች መሆናቸውን በአሻራዬ አረጋግጣለሁ።»

አሻራዬን ደግሜ አየሁት።

«የቱን ልመን አባት? ይሄን ወረቀት ወይስ የዛሬውን?»

ቀጥታ ወደ ፎቶ ቤቱ ሄድኩ።

ልጄ ኮምፒውተሩ ላይ አቀርቅሯል። ቀና ብሎ ፊቴን ሲያይ ገባው።

«አባዬ... የተጨማለቀች ወፍ ማን ይሸልማል? ትንሽ ቀለም ነው የጨመርኩባት። ማንን ጎዳሁ?»

«አርባ አንዱስ?»

«ወፍ እኮ ነው! ወፍ! ቢሮው በዚህች ፎቶ ቋሚ ሥራ ሊሰጠኝ ነው። ልጅህ ሰው ሲሆን ደስ አይልህም?»

«እኔንስ?»

«አንተን ምን?»

«እኔን እንዴት ዋሸኸኝ?»

ኮምፒውተሩን እያየ...

«አታነብማ» አለኝ።

አታነብማ!

ሌላ ሰው ቢለኝ በሳቅ አልፈው ነበር። ለሱ ደብተር ስገዛለት የኖርኩት ግን እኔ ነኝ።

ጥዬው ወጣሁ።

በነጋታው ከኩሬው ዳር አንዲት የሞተች ዳክዬ አነሳሁ። በፌስታል ይዣት ቢሮ ሄድኩ። ጋዜጣ አንጥፌ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳት።

«ምንድን ነው ይሄ?!»

«ፊልተር ያልተደረገባት።»

ክንፏን በጣቱ ነካ አደረገ። ጣቱ ጠቆረ። ግድግዳውን አየ... ጣቱን አየ...

«ወረቀቱን ማን እንዳስፈረመዎት ልጠይቅዎት ነው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ፎቶውን ያስገባው ሰው ከሆነ ቃል የገባንለትን ሥራ ያጣል። ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ። ልጄ ነው» አልኩት። ስሙንም ነገርኩት።

በዚያው ሳምንት ውሃውን በጠርሙስ ቀድተው ወሰዱ። የፋብሪካው ቱቦ ተዘጋ። ፎቶዋም ከግድግዳው ወረደች።

ልጄ ሽልማቱንም ሥራውንም አጣ። ስደውልለት አያነሳም። ለእናቱ ግን ይደውላል።

እሷም ማዕድ ላይ ሳይቀር «ለወፍ ብሎ ልጁን አሳልፎ የሰጠ!» ትለኛለች።

እኔም እኮ አባት ነኝ... ዛሬም እደውልለታለሁ።

ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቀለም ቁስልን ይሸፍናል እንጂ አያሽርም። አምኗችሁ ጣቱን በሰጣችሁ ሰው ድክመት አትነግዱ። ወፏ ትሞታለች... ሰውየው ግን ከነቁስሉ ይኖራል።

እናንተ ብትሆኑስ? ለልጃችሁ ስትሉ ዝም ትሉ ነበር? ወይስ እንደኔ ታደርጉ ነበር?

ጻፉልኝ። የሚፈርድብኝም ይጻፍ...