የተረፈችው አንዲት ላም

የሻው ከሰባቱ የማሩ ልጆች የመጨረሻው ነው። እጮኛው ንግሥቲ የይፋግ ልጅ ናት። አባቷ፣ "በጥር የድርሻህን ከብት ነድተህ ካልመጣህ ልጄን ለሌላ እድራለሁ" ብለው ቆርጠው ነገሩት። ምን ያድርግ እንግዲህ፣ ከብቱ ገና አልተከፈለም።

ሟቹ ማሩ ሲናዘዙ ከብቱን በግዝት አስረው ነው የሄዱት። በወጣትነታቸው ከክፍፍል የተረፈች አንዲት ላም ወንድማቸውን አስገድላባቸዋለች። ስለዚህ፣ "ከብቴ እኩል ይከፈል። አንዲት እንኳ ከተረፈች ግን አይከፈል፤ አይሸጥ፣ አይታረድ፤ ታላቁ ልጄ ስማቸው ሁሉንም ይያዘው" ብለው ገዘቱ።

በሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር፣ የፎገራ ውኃ ሸሸ። ከብቱ ወደ ጣና ዳር ሣር ሳይወርድ ይቆጠር ተባለ። ቆጣሪው አያ ቢሻው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በየአውድማው እህል ሲሰፍሩ የኖሩ፣ እጃቸው የታመነ ሰው። እንደ አውድማው "አንድ እግዜር" ብለው ጠጠር ወደ ስልቻው ጣሉ። በረቱ ተከፈተ። የሻው ከውስጥ ይነዳል፤ ስማቸው በሩ ላይ ቆሟል። ላም ባለፈች ቁጥር ጠጠር ይወድቃል።

መቶ ሃያ ሰባት ሆነ። ከብቱም ወደ ጣና ወረደ።

ሽማግሎች ከሾላው ሥር ተቀምጠው ጠጠሩን ለሰባት ደለደሉት፤ አንድ ተረፈ። የእናትየዋንና የተዝካሩን ድርሻ ጨምረው ለዘጠኝ አደረጉት፤ አንድ ተረፈ። ከሰባቱ ልጆች የመነኮሰውን አውጥተው ለስድስት ሞከሩ፤ አሁንም ያችው አንድ።

የወረታው መምህር አያልነህ ተጠሩ። አፈር ላይ በእንጨት ጻፉ፣ አጠፉ፣ ጻፉ።

"እስከ አሥራ አንድ ሞክሬዋለሁ" አሉ። "ከዚያ በላይ መድከም አያሻም፤ አሥራ ሁለት በአሥራ ሁለት ቁጥሩን ያልፈዋል። ይህ ብቸኛ ቁጥር ነው። ወይ መቶ ሃያ ሰባት ሰው አንዳንድ ይወስዳል፣ ወይ አንድ ሰው ሁሉንም።"

ሰው ሁሉ ዞሮ ስማቸውን አየ።

"አያ ስማቸው፣ ያችን አንዲት ከማን መንጋ ቀላቀልክብን?" አለ የሻው።

"በአባቴ አጽም፣ አላውቅም።"

"እንግዲያስ እንደገና ይቆጠር።"

"ከብት ሁለቴ አይቆጠርም፤ መቅሠፍት ይጠራል" አሉ አያ ቢሻው። ሽማግሎቹም የሳቸውን ቃል ተቀብለው ተነሡ።

የሻው በጥር ባዶ እጁን ይፋግ ሄደ። አማቹ ይሆናሉ ያላቸው ሰው ደጅ ላይ ዳስ ተጥሏል። የሰርጉን ዘፈን ከሩቅ ሰማና ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ከስማቸው ጋር አንድ ማዕድ አልቀረበም።

በዓመቱ ኅዳር የጎረቤታቸው የአያ ደረሰ ከብት ሊቆጠር ሆነ። አያ ቢሻው አርጅተዋል፤ ስልቻውን የሚይዝላቸው ሰው ፈለጉ። የሻው ያዘላቸው።

"አንድ እግዜር" አሉ አያ ቢሻው።

ጠጠሩ ስልቻው ውስጥ ወደቀ፤ የሻው ቀና ብሎ ሲያይ አያ ደረሰ የበረቱን መዝጊያ ገና አላነሳም ነበር፤ አንዲት ላም እንኳ አልወጣችም።