ለማን ልነሳ

«ይነሱ ጋሽ ጅብሪል።»

«ለማን?» ይላል አባቴ።

ናዕማ ፊዚዮቴራፒስት ናት። ይኼ ጥያቄ ፈተና ላይ መጥቶባት የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ትንሽ ታስባለች። «ለራስዎ።»

«ለራሱ የሚነሳ ሰው አይቼ አላውቅም።»

ሶፋው ላይ ተደላድሏል። ባለ አራት እግሩን የብረት መደገፊያ እንደ ሰው ፍየል ያየዋል። ሠላሳ ዓመት ተሳቢ ነድቶ አንድ ቀን ያልተገለበጠ ሰው፣ ጎረቤታችን እታገኝ በሳሙና ያጠበችው ደረጃ ላይ ተንሸራቶ ዳሌው ተሰበረ። ሐኪሞቹ ብረት አስገቡለት፤ አጥንቱም ገጠመ። የቀረው መነሳት ብቻ ነው።

ወንድሜ ዘካሪያ ግን ተስፋ ቆርጧል። ከጓደኛው ዊልቸር ተውሶ ታች ደርሷል፤ «እየወጣሁ ነው» ብሎ ደውሏል። ብሎካችን አሳንሰር የለውም፤ እኛ አራተኛ ፎቅ ነን። እዚህ ዊልቸር ላይ የተቀመጠ፣ ተቀመጠ ማለት ነው። ታች በሰቃ በሚባለው ጋራዥ በር ላይ ጡረተኛ ሾፌሮች መቀመጫውን ይዘው ይጠብቁታል። እስከ መቼ እንደሚይዙለት አላውቅም።

በሩ ይንኳኳል። እታገኝ ናት፣ እንደ ሁልጊዜው አጥሚት በፔርሙዝ ይዛ። እስከ ትናንት የምታገኘው አልጋ ላይ ነበር፤ ሶፋ ላይ ስታየው ዛሬ የመጀመሪያዋ ነው።

«ኖር» ይላል አባቴ፣ መደገፊያውን ጨብጦ ይነሳል።

«ኧረ በእግዜር ጋሼ፣ አይነሱ።»

ተነስቷል። ጉልበቱ እንደ አሮጌ ሞተር ይንቀጠቀጣል፣ ግን ቆሟል። እሷ ስትቀመጥ ይቀመጣል።

ናዕማ እታገኝን በጆሮዋ የሆነ ነገር ትላታለች። እታገኝ ፔርሙዟን አንስታ ትወጣና ታንኳኳለች።

«ኖር።»

«በእግዜር።»

ትቀመጣለች፣ ይቀመጣል። ደግማ ትወጣለች። ደግማ ስትገባ አባቴ ተነስቶ እንደ ቆመ ያያታል።

«ምነው እታገኝ፣ ቤት ጠፋሽ?»

«ደረጃውን ያጠብኩት እኔ አይደለሁ ጋሼ? እኔው ልመላለስ።»

አባቴ ናዕማን ያያል፤ ከዚያ እኔን። ናዕማ ጣሪያውን፣ እኔ ምንጣፉን እናያለን።

«እንግዳ እንግዳ ነው» ይላል። «ውጪና ግቢ።»

ትወጣለች፣ ትገባለች። በእያንዳንዱ «ኖር» ጉልበቱ እየተረጋጋ፣ የእሷ ትንፋሽ እያጠረ ይሄዳል። በመጨረሻ ስትገባ ከኋላዋ ዘካሪያ በላብ ተጠምቆ ዊልቸሩን እየገፋ ይከተላታል። አባት ለልጁ አይነሳም። ግን ለእታገኝ ተነስቶ ቆሟል።

«አባዬ፣ ማን አስነሳህ?»

«እንግዳ ቆማ እያለች ነው አንተ ጥያቄ የምትጠይቀኝ?»

እታገኝ ሶፋውን ታየዋለች፣ ራቃት። ዊልቸሩ አጠገቧ ነው። እፎይ ብላ ትቀመጥበታለች፣ ፔርሙዟን ታቅፋ እግሯን ማሳረፊያው ላይ ታደርጋለች።

«አማል፣ ብርጭቆ አምጪ» ይለኛል አባቴ። ወደ ወንድሜ ዞሮ፣ «አንተ ደግሞ ወዲህ አስጠጋት።»

ዘካሪያ የዊልቸሩን እጀታ ይይዛል። ከዚያ እታገኝን ቀስ አድርጎ ይገፋታል። አባቴ እስክትደርስ ድረስ ቆሞ ይጠብቃል።